ዴንማርኮች አማትን ምን ብለው ይጠሯታል

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ውሃ ዛሬም የለም። ጀሪካን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደረጃ ላይ ያዘኝ፤ ፓምፑ «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ፓምፕ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። በሂደት ላይ የሚሆን ፓምፕ የትም አገር የለም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬ በጡረታዬ የምሰማው ይህን ነው። ጀሪካኔን አንሥቼ ወጣሁ። ጉልበቴን አመመኝ።

አንቺ ደብተር፣ ሰሞኑን ያልነገርኩሽ አለ። ሶስና ልታገባ ነው። አንድያ ልጄ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጊዜው ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰውየው ግን ዴንማርካዊ ነው። ኒልስ ይባላል። ካዛንቺስ፣ ከእሷ ቢሮ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ያለ የውሃ ፕሮጀክት መሐንዲስ። የውሃ መሐንዲስ! እኔ ጀሪካን እሸከማለሁ።

ሁለት ጊዜ ቤት መጥቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ። አማርኛ ተምሯል፤ «እጅግ በጣም አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ብርሃኔ» ይላል፣ እንደ ዜና አንባቢ። በብስክሌት ነው የሚሄደው። በዚህ ከተማ! ወይ ልቡ ሙሉ ነው ወይ ጤና የለውም።

እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ሰርጉ ጥር ላይ። ማን እንደወሰነ የነገረኝ የለም። የሚፈራረሙት በማዘጋጃ ነው፤ ንስሐ አባቴ አጉረመረሙና ተዉት። አባቷ ቢኖር ምን ይል ነበር አልልም። ምንም አይልም ነበር፤ ጋዜጣውን ነበር የሚያነበው።

ማታ። ለዚህ ሰው እኔ ምኑ ነው የምባለው፣ በቋንቋቸው፣ ብዬ ሶስናን ጠየቅኳት። ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «ስቪገርሞር» አለችኝ። ደግመሽ በይው አልኳት። ስቪ-ገር-ሞር። የዛገ በር በትከሻ ሲገፋ የሚያወጣው ድምፅ። አዲሱ ማዕረጌ እንግዲህ ይኸው ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ይንገጫገጫል። ያልገባኝ ቃል ካለ አልተኛም፤ የቆየ በሽታዬ ነው።

ሞር እናት ናት፤ ሞደር የሚለው አጥሮ። እሺ። ስቪገር ምንድን ነው? ሶስና አታውቅም። ኒልስን ጠይቂልኝ አልኳት፤ እሱም አያውቅም። በጋብቻ የመጣ ዘመድ ሁሉ ስም ፊት ላይ ይለጠፋል እንጂ ብቻውን አይነገርም ብሎ መለሰ። የገዛ ቋንቋው እኮ ነው! የቧንቧ መጋጠሚያ ያውቃል፣ የቃሉን መጋጠሚያ ግን ጠይቆ አያውቅም። የተማረ ሰው ይባላል ይሄ።

የእኛን እይ። አማት። ከግእዙ ሐማት፤ ወንዱ ሐም ነው። አንድ ቃል፣ ስፌት የሌለው። እነሱ ግን ቃል ሲቸግራቸው ያገኙትን ሁለት አንስተው ያጣብቃሉ። አውቃለሁ፣ እኛም «የእንጀራ እናት» እንላለን። የእኛ ግን ምን ለማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

ከሰዓት ወንድሜ ታደሰ መጣ። የባንክ ጡረተኛ። እሑድ ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ የሚናገረው እሱ ስለሆነ ከአሁኑ ከረባት ይለማመዳል። ስለ ቃሉ ብነግረው ካዛንቺስን አነሳብኝ፤ ካዛንቺስ የሚባል ጣሊያን ነበረ፣ ሰፈሩ በስሙ ተሰየመ ይላል። ስንቴ ልንገረው? ካዛ ቤት ነው። ኢንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ስም፣ በምሕጻረ ቃል። ሁለቱ ተጣብቀው ሰፈር ሆኑ። የምኖርበት ይህ ሰፈር ራሱ አሁን ግማሹ ፈርሶ መንገድና የሣር መደብ ሆኗል፤ ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ስሙን የታክሲ ረዳቶች ይጠሩታል። ታደሰ ግን ጣሊያኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ ማለት ነው የቀረው። ተውኩት። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ምሽት 3 ሰዓት

የዛሬውን ስሚ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። መሪያቸው አቶ ከድር፤ ኒልስ የሚኖርበት የኦሎምፒያው ቤት ባለቤት፣ ሜክሲኮ የቧንቧ ዕቃ የሚነግዱ የስልጤ ሰው። መናገር ያውቃሉ። ሁለተኛው የፕሮጀክቱ ሒሳብ ሹም፤ ከገባ ጀምሮ ሰዓቱን ያያል። ሦስተኛው ማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ አቶ ከድርም የሚያውቁት አልመሰለኝም።

አራተኛው ራሱ ነው። ኒልስ! ሙሽራው! በራሱ ሽማግሌዎች መሐል፣ የብስክሌት ሄልሜቱን በክንዱ ሰክቶ፣ ኬክ ይዞ ቆሟል። ሽማግሌ የሚላከው እኮ ላኪው ቀርቶ ነው። አቶ ከድር በዓይናቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። እቤትህ ጠብቅ ብለውት ነበር፤ የራሴን ጉዳይ በሰው አስጨርሼ እኔ ሶፋ ላይ መቀመጥ ነውር ነው ብሎ ተከተላቸው። ነውር ምን እንደሆነ ለእኛ ሊያስተምረን።

አቶ ከድር ቆመው ጀመሩ፤ ልጅዎን ለልጃችን። ታደሰ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሚባለውን አለ፦ ልጃችን ገና ልጅ ናት፣ ትምህርቷንም አልጨረሰችም። ደንብ ነው። ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ ይመለሳል፤ የሰው ልጅ ከሱቅ እንደሚነሳ ዕቃ በአንድ ቃል አይሰጥም። ይህን የማያውቅ የለም። ሁሉም ወለል ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ኒልስ እጁን አወጣ። እንደ ተማሪ። «ይቅርታ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ማስተርሷንም ይዛለች። ምርቃቱ ላይ ነበርኩ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሶስና ጓዳ ሆና ስትሰማ ሳቋን አፈነች፤ ሰማኋት። ታደሰ ተንተባተበ። ሒሳብ ሹሙ ሰዓቱን አየ። እኔ ነኝ ያዳንኩት፤ ዘመድ እናማክርበት፣ ዐሥራ አምስት ቀን ስጡን አልኩና በሩን ከፈትኩ።

ኬኩ ቀረ። ክሬሙ ላይ ትንንሽ የዴንማርክ ባንዲራ ሰክቶበታል። ደስታ ሲኖራቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት አለች ሶስና። ባንዲራ ከክሬም ጋር የሚልሱ ሰዎች። ታደሰ ሁለት ቁራጭ በላ።

ሶስና እራት ላይ ለሱ ተሟገተች። «ነግሬው ነበር እኮ ማሚ። የመጀመሪያው እምቢታ ለደንቡ ነው ብዬዋለሁ፣ ገብቶታል። ግን ማለቴ፣ ትክክል ያልሆነ ነገር ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም፣ በቃ።» ጨዋነታችን ትክክል ያልሆነ ነገር ተባለ። ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ማታ

አገኘሁት!

በሶስና ላፕቶፕ፣ በዴንማርክ መዝገበ ቃላት፣ ኮምፒዩተሩ በሚተረጉመው ጎርባጣ አማርኛ። ስቪግ የሚባል ቃል አላቸው። ማታለል፣ ክህደት ማለት ነው። ስቪግ፣ ስቪገር። ታዲያ ስቪገርሞር ምን ልትሆን ነው? አታላይ እናት። ከሃዲ እናት። እነዚህ ሰዎች አማታቸውን ገና ሲጠሯት ይሰድቧታል። በየገበታው «አታላዪቱ፣ ጨው አቀብይኝ» እያሉ።

በዚህ አላበቃም። ያቺ ረጃጅም ሹል ቅጠል ያላት፣ በካዛንቺስ ሆቴል ሁሉ በር ላይ የምትገተረው ተክል የለችም? «የአማት ስለታም ምላስ» ይሏታል። ሕንፃችን መግቢያ ላይ ሁለት አሉ። ዕድሜ ልኬን አጠገባቸው ሳልፍ አላወቅኋቸውም።

ሶስና ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ሳቀች። ቀልድ ነው፣ እነሱም እንዲህ እያሉ ይቀልዳሉ፣ የቃሉ ዘር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል አለች። ልጄ እኔን ስለ ቃል ዘር አስተማረችኝ። ኒልስ ቢሮ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ይጠይቅልሽ አለች። አያስፈልግም አልኳት። ያገኘሁት ይበቃኛል።

እውነቱን ልንገርሽ? ደስ ብሎኛል። ሰውየውን የምጠላበት ምክንያት አጥቼ ነበር።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ማታ

ሁለተኛው ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ፤ ያ ረጅም የለም፤ ኬክ የለም፤ ጾም ስለገባ አቶ ከድር ብርቱካን ይዘው መጡ። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ የዛሬው መልስ እሺ እንደሆነ ያውቃሉ። ታደሰ የሚመርቅበትን ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ በኪሱ ይዟል። ሶስና ጓዳ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ።

አቶ ከድር ተናገሩ። ታደሰ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት። የልጁ ወላጅ የት አሉ አልኩ። በሰው በሰው ልጅ አልሰጥም፤ እናቱ ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ፤ እሷ ሳትመጣ መልሴ እምቢ ነው።

ሒሳብ ሹሙ እንኳን ሰዓቱን አላየም።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ውሸቴን ነው፣ አውቃለሁ። ሲያገባት ይወስዳታል። ዛሬ ባይሆን በሁለት ዓመት፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ። እኔ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ከጀሪካኔና ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር እቀራለሁ። ጎረቤት የለኝ። ልጄ በስልክ ታየኛለች፤ የልጅ ልጆቼ ስቪ ምናምን እያሉ ይጠሩኛል። ፈራሁ። ፈራሁና ክብር አስመሰልኩት። አፌ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ተክሉ ይመስክር።

ሲወጡ አቶ ከድር በሩ ላይ ቀሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «እትዬ ብርሃኔ፣ እናቱ እኮ ያሉት የአረጋውያን ቤት ነው። ሰው አይለዩም። እሱን ራሱን ልጄ ብለው አያውቁትም።»

ሶስና እናቱ ታማለች ብላኝ ነበር። ምኗን አላልኩም። የሁሉም እናት ታማለች ብዬ ነው ያለፍኩት።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሶስና ጧት ሳትበላ ወጣች። ማታ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ፊቴ ቆመች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ያለችው ይህ ነው። ያለ አንቺ ምርቃት አላገባም፤ አባዬ ሲሞት ሁለታችን ብቻ ቀርተናል፣ ከጀርባሽ ሄጄ አልፈራረምም። ግን አንቺን አልለምንም። እሱንም ለምናት አልለውም። በቃ።

ገባች፣ በሯን ዘጋች። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚነገረው «ውሃ መጣ»፣ «ውሃ ሄደ» ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው የሚመጣው። ያኔ የእናቱን ነገር እንዳላነሳሁት አድርጌ እሺ እላለሁ፤ ማንም ምንም አይልም። እንዲህ ያለ ነገር ስንቱ ቤት ሆኖ አልፏል።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ባለፈው እሑድ አልመጡም። ዛሬም የለም። ታደሰ ከረባቱን አስሮ ከምሳ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። መስኮት ላይ ቆሜ ታች መንገዱን ሳይ ዋልኩ፤ ሚኒባስ፣ ሚኒባስ፣ የሰው ሰርግ ጥሩምባ። በጾም የምን ሰርግ ነው? ቅጥ ያጣ ከተማ።

ታደሰ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አለ። አሽሟጠጥኩት። ቧንቧ ሻጭ እሑድ ምን ሥራ አለው? ያለቦታው ተቆጣሁት፤ ከረባቱን ፈትቶ በኪሱ ከቶ ሄደ። እራቱንም አልበላም።

ሶስና ጠቁራለች። ከስታለች። አትጠይቂኝ የሚል ፊት አላት። እኔም አልጠየቅኋትም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ፣ ጧት

እንቅልፍ የለም። ሶስና ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጥታለች። ተቀመጥኩ። ሥራ ፈት ነኝ፤ ወደዚያው ቃል ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ግን እንደ ደንቡ፣ የቃላት ዘር የሚቆጥረውን መዝገብ ከፍቼ።

ተሳስቻለሁ።

ስቪግ፣ ክህደቱ፣ ሌላ ቃል ነው፤ ከሌላ ሥር የመጣ፤ መልኩ ብቻ ተገጣጠመ። ስቪገር ጥንት ከሰሜን ጀርመን ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ያኔ ብቻውን አማት ማለት ነበር። ዴንማርኮች ወሰዱት፣ ዘመን ሲሄድ ትርጉሙ ደበዘዘባቸው፣ ላዩ ላይ እናት ጨመሩበት። አማት-እናት። ከዚያም ወደ ኋላ፣ በላቲኑም በሕንዱም በግሪኩም ዘመድ አለው፤ እሩቅ ሥሩ ላይ ሊቃውንቱ የሚጠረጥሩት አንድ ቁራጭ አለ፤ «የራስ» ማለት። የራስ ሰው። የገዛ ወገን።

እኔ፣ ብርሃኔ፣ ስንት ተማሪ ላይ ኤክስ ያደረግኩበት ስሕተት ነው። ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለት ቃል አጋብተው የሚመጡትን ክፍል መሐል አቁሜ መሳቂያ አደርጋቸው ነበር። ታደሰ ጣሊያኑን የፈጠረው በአላዋቂነት ነው። እኔ አዋቂ ነኝ፤ የሚመቸኝን አገኘሁና ገጹን ዘጋሁት። ልጁን ደግሞ በዚያ ፈረድኩበት። አፈርኩ። ለአንቺ ብቻ ነው የምለው፤ በጣም አፈርኩ።

ይሁን። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። እሺ እላለሁ። ስለ እናቱም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አሁን ገባሁ፤ ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ።

ለቧንቧ ጎማ ብዬ ሜክሲኮ ሄድኩ። ውሸት፤ ጎማ እዚሁ ካዛንቺስ ሞልቷል። የአቶ ከድርን ሱቅ ፈልጌ ነው። ሱቁ በር ላይ፣ ቱቦ መሐል፣ የኒልስ ብስክሌት ቆሟል። ልቤ ዘለለ፤ መጥቶ ነው ብዬ።

አልመጣም። ብስክሌቱን ሰጥቷቸው ነው። ናይሮቢ ወዳለው የፕሮጀክቱ ቢሮ ልዛወር ብሎ ጠይቆ ተፈቅዶለታል። የዛሬ ሳምንት ይሄዳል። ዕቃውን አሽጎ ጨርሷል አሉ።

ሦስተኛውስ አልኩ። ለምን አልመጣችሁም?

አቶ ከድር በርጩማ አቀረቡልኝ። «እኔማ አልኩት እኮ እትዬ። ሦስተኛው ላይ ይሆናል፣ ተነሥ እንሂድ አልኩት። ምን አለኝ መሰለዎት? የመጀመሪያው እምቢታ ደንብ ነበር፣ እሱ ገብቶኛል አለኝ። ሁለተኛው ላይ ግን እናቴን ጠየቁኝ። እናቴን ላመጣት አልችልም። ስለዚህ መልሱ እምቢ ነው። እምቢ ያለችን ሴት መልሶ መልሶ መጠየቅ እኛ አገር ማስጨነቅ ነው፣ የሶስናን እናት አላስጨንቅም አለኝ። እትዬ፣ ልጁ ያሉትን ነው የሰማዎት።»

ያልኩትን ነው የሰማኝ። በዚህ ከተማ ያልኩትን የሚሰማ ሰው ከየት መጣ? ፓምፑ በሂደት ላይ ነው የሚል ሕዝብ መሐል እየኖርኩ፣ የምለውን ሁሉ ሰው በሩብ እየሰማ፣ የቀረውን እንደሚቀንስልኝ እያወቅኩ ነው የምናገረው። ይሄ ልጅ አልቀነሰልኝም። አንድ ቃል ሳያጎድል ወሰደው።

አከበረኝ ማለት ነው። እኔ የናቅኩትን ያህል።

አቶ ከድር እርስዎ ይሂዱና ይንገሩት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ጊዜ በርዎ ላይ ቆሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ አሁን ምን ብዬ፣ አሉ። አልተቆጡም። ደክሟቸዋል። ጎማውን ገዝቼ መጣሁ፤ የምን ጎማ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ፣ ምሽት

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ጣራ ሳይ ዋልኩ።

ዛሬ ታደሰን አስጠራሁትና ነገርኩት። ነገ ጧት ኦሎምፒያ ልሄድ ነው፣ ልጁ ቤት፣ ራሴ። ብድግ አለ። የሴቲቱ እናት! ወንድ ቤት ሄዳ ልጄን ውሰድልኝ ልትል! በዘራችን ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ምን ይላል አለ። የትኛው ሰው አልኩት። መስኮቱን ከፈትኩለት። እስቲ አሳየኝ፣ ከዚህ ሣር መደብ መሐል የትኛው ሰው ነው የሚለው?

ቢያንስ እኔ ልሂድልሽ አለ። ምስኪን። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ መግቢያ አዘጋጅቶ፣ ከነከረባቱ። አይሆንም አልኩት። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ብልክ ደንብ ነው ብሎ ያስባል፤ ደንባችንን ደግሞ ሁለት ጊዜ አይቶታል። ከኔ አፍ ካልሰማ አያምንም፤ አላምንም ቢልም አልፈርድበትም።

ምን እንደምለው እያሰብኩ ዋልኩ። ስንት ንግግር ጽፌ ስንት የወላጆች ቀን ላይ አስነብቤ፣ ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። አጭር መሆን አለበት። የማይቀነስ። እናትህን የጠየቅኩት ክፋቴ ነው። ልጄ ትወድሃለች። እኔም ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። አትሂድ። ይኸው ነው። ከዚህ ውጭ አንድም ጌጥ የለውም፤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንኳን ግማሽ ማርክ አልሰጠውም ነበር።

ሶስና ማታ ስትገባ ነጠላዬን ስተኩስ አገኘችኝ። የት ነው አለች፤ ከኅዳር ወዲህ ከውሃ ሌላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ነገር ናት። ነገርኳት። ቦርሳዋን እንደያዘች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሣች። ነጠላውን ከእጄ ወስዳ ራሷ መተኮስ ጀመረች፤ እኔ ጥለቱን አበላሻለሁ። አንገቷን ደፍታ ነው የምትተኩሰው፤ ፊቷን አላየሁትም።

«እምቢ ቢልሽስ ማሚ?»

ረቡዕ እሄዳለሁ አልኳት።

«ረቡዕም ቢልሽ?»

ሐሙስ። ዓርብም። አውሮፕላኑ ቅዳሜ ነው።